ባትሪ ሲሞት መኪናን በግፊ ማስነሳት፦ የደብረ ብርሃኑ ጠዋት ያስተማረኝ

ታኅሣሥ ላይ ነው። እናቴን ይዤ ደብረ ብርሃን አክስቴ ቤት አድረናል። ከተማዋ በታኅሣሥ እንዴት እንደምትበርድ ያደረባት ያውቀዋል። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ከግቢ ስወጣ የመኪናዬ የፊት መስታወት አመዳይ ለብሷል። በእጄ ጠረግ ጠረግ አደረግኩትና ገባሁ። ቁልፉን አዞርኩ። «ጠቅ» አለ። ደገምኩት። «ጠቅ ጠቅ ጠቅ»። የዳሽቦርዱ መብራቶች ጭል ጭል ብለው ጠፉ።

ቀና ስል ጣሪያው ላይ ያለችውን ትንሽ መብራት አየሁ። ክሯ ብቻ ቀልታ ትታያለች። ማታ ዕቃ ስናወርድ የኋላው በር በደንብ አልተዘጋም፤ ገርበብ እንዳለ አድሯል። መብራቷም ሌሊቱን ሙሉ ስትበራ ነው ያደረችው።

መኪናዬ በፈረንጆቹ 1980ዎቹ የተሠራች ኮሮላ ዲኤክስ ናት። ማንዋል ናት። ካርቡሬተር ናት። በግፊ እንደምትነሳ አውቃለሁ። ከዚያ በፊት ግን እኔ ራሴ መሪ ይዤ በግፊ አስነስቼ አላውቅም። የሌላ ሰው መኪና ብዙ ጊዜ ገፍቻለሁ። መግፋትና መሪ መያዝ ግን ለየቅል ናቸው።

ወደ ሥራ የሚሄዱ ሁለት ልጆች አየሁና «ወንድሞቼ፣ አንዴ አግዙኝ» አልኳቸው። ቦርሳቸውን አጥሩ ላይ አንጠልጥለው መጡ። ከፊት ለፊት ግቢ ደግሞ አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ወጡ። «ኧረ አባባ፣ እርስዎ ይተዉት» ብላቸው አልሰሙኝም። «ለመግፋት ምን አለበት፣ ልጄ» ብለው ከኋላ ሄደው ቆሙ። እናቴን እንኳን ከመኪናው አላወረድኳትም። ብርድ ይመታታል ብዬ።

መንገዱ ጠጠር የለበሰ ነው፣ ሜዳ ነው። አንደኛ ማርሽ አስገባሁ። ፍሪሲዮን ረገጥኩ። «በሉ!» አልኩ። አስር እርምጃ ያህል እንደሄድን ፍሪሲዮኑን ድንገት ለቀቅኩት። ጎማው ጠጠሩ ላይ ተንሸራተተና መኪናዋ ግንብ እንደገጨች ቀጥ አለች።

የማልረሳው በጎን መስታወቱ ያየሁትን ነው። ነጩ ጋቢ ወደ ታች ሲወርድ አየሁ። ልጆቹ እጃቸውን ዘርግተው ነበርና ወደ ጎን ዘለሉ። ሽማግሌው ግን በትከሻቸውና በደረታቸው ተደግፈው ነበር የሚገፉት። መኪናዋ ስትቆም አገጫቸው የኋላ ኮፈኑን መታው። ከዚያ ጠጠሩ ላይ በጉልበታቸው ወደቁ። ሮጬ ስደርስ ሱሪያቸው ጉልበቱ ላይ ተቀዷል። ደሙ ከአቧራው ጋር ተለውሷል። እናቴ ወርዳ በሃይላንድ ውኃ ታጥብላቸው ጀመር። እሳቸው ግን «ምንም አልሆንኩ፣ አንተ መኪናህን አስነሳ» ነው የሚሉኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

በዚህ መሃል አንድ ወጣት መጣ። የአይሱዙ ረዳት ነው። ለሥራ መውጣቱ ነበር። ጠጋ ብሎ መኪናውን፣ መንገዱን፣ ሰዎቹን አየና «ጋሼ፣ በስንተኛ ማርሽ ነው የለቀቅከው?» አለኝ። «በአንደኛ» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። «ሁለተኛ አስገባ። እኔ ‹ልቀቅ› እስክልህ ድረስ እንዳትለቅ። እናንተ ደግሞ ‹ልቀቅ› ስል ሁላችሁም እጃችሁን አንሱ።» እናቴን ተመልሳ እንዳትገባ ውጭ አስቀራት። ሽማግሌውን አክስቴ በር ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ገፉ። መኪናዋ ሩጫ ስትይዝ «ልቀቅ!» አለ። አንዴ ነቀነቀችና ተነሳች።

የሠራነው ሥራ ያው ነበር። ልዩነቱ ማርሹ፣ ፍጥነቱና አስቀድሞ የተነገረው አንድ ቃል ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ነገሩን ከመካኒክም ከሾፌርም እየጠየቅኩ ተምሬዋለሁ። ለጎረቤትም ለማላውቀው ሰውም ደጋግሜ አስነስቻለሁ። የማውቀውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ችግሩ ባትሪ መሆኑን እርግጠኛ ሁኑ። ቁልፍ ስታዞሩ «ጠቅ ጠቅ» ካለና መብራቶቹ ከደከሙ ባትሪው ወድቋል፤ ወይም ማሰሪያው ላልቷል። መብራቱ ቦግ ብሎ እየበራ አንዴ «ጠቅ» ብሎ ዝም ካለ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሞተሪኖው፣ ማለትም ሞተሩን ለማስነሳት የሚያዞረው ዕቃ ነው። ያኔም ግፊ ይሠራል፤ እንዲያውም ባትሪው ደህና ስለሆነ ቶሎ ይነሳል። ሞተሩ እንደልቡ እየዞረ እምቢ የሚል ከሆነ ግን ሰው አታድክሙ። ያ የነዳጅ ወይም ነዳጁን የሚለኩሰው የካንዴላ ችግር ነው። ሞተሪኖ አዙሮት ያልተነሳውን ሞተር ግፊ ብዙውን ጊዜ አያስነሳውም።

ሰው ከመጥራታችሁ በፊት ኮፈኑን ክፈቱና የባትሪውን ሁለት ማሰሪያዎች በእጃችሁ ነቅነቅ አድርጓቸው። ላልተው ከሆነ፣ ወይም ነጭና አረንጓዴ ዱቄት የመሰለ ነገር ከበላቸው፣ ባትሪው ኃይል እያለው አያደርስም። ጠበቅ አድርጎ መሞከር አንዳንዴ መግፋትን ያስቀራል። ኮፈኑን ከፍቼ ይህን ሁለት ደቂቃ ብወስድ ኖሮ እላለሁ አንዳንዴ። የእኔ ማሰሪያ ደህና ነበር። ግን አላየሁትም ነበር።

ቀጥሎ መኪናው በግፊ የሚነሳ ዓይነት መሆን አለበት። አውቶማቲክ አይነሳም። አዲስ አበባ ላይ ከሚታዩት ቪትዞችና ያሪሶች ብዙዎቹ አውቶማቲክ ናቸው፤ እነሱን ስንት ሰው ቢገፋቸው ልፋት ብቻ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። አውቶማቲክ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ውስጥ ማርሹን የሚያያይዘው የዘይት ግፊት ነው። ዘይቱን የሚገፋው ፓምፕ ደግሞ የሚዞረው በሞተሩ ነው። ሞተሩ ካልዞረ ጎማውንና ሞተሩን የሚያገናኝ ነገር የለም። ማንዋል ላይ ግን ፍሪሲዮን ሲለቀቅ ጎማው፣ ካምቢዮውና ሞተሩ አንድ ላይ ይታሰራሉ። የሰው ጉልበት ጎማውን ያዞራል፣ ጎማው ሞተሩን ያዞራል። ሞተሪኖ የሚሠራውን ሥራ ሰው ሠራው ማለት ነው።

ማንዋልም ሆኖ ሁሉም እኩል አይደለም። ካርቡሬተር ያላቸው አሮጌዎቹ ጥቂት ኤሌክትሪክ ካገኙ ይበቃቸዋል። ያም ቢሆን ለካንዴላው እሳት የምትሆን ቅሪት ባትሪው ላይ መኖር አለባት። ኢንጀክሽን ያላቸው አዳዲሶቹ የነዳጅ ፓምፓቸውም ኮምፒውተራቸውም በኤሌክትሪክ ነው የሚሠሩት። ቁልፍ ሲከፈት የዳሽቦርዱ መብራት ጨርሶ የማይበራ ከሆነ እነሱን መግፋት ተስፋ የለውም። ቁልፍ ስትከፍቱ ከኋላ ወንበር በኩል «ዝዝ» የሚል የፓምፕ ድምፅ ለሁለት ሰከንድ ከሰማችሁ ግን ሞክሩ። የድሮ ናፍጣ መኪኖች፣ ሜካኒካል ፓምፕ ያላቸው፣ በግፊ ጥሩ ይነሳሉ። ክብደታቸው ግን ብዙ ሰው ይፈልጋል።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለተከለከለ ኤሌክትሪክ መኪና በየሰፈሩ በዝቷል። ብዙ ሰው የማያውቀው፣ እነሱም ከትልቁ ባትሪ ሌላ ባለ 12 ቮልት ትንሽ ባትሪ አላቸው። እሷ ስትሞት መኪናው በሩን እንኳን አልከፍትም ሊል ይችላል። እነሱን በግፊ ማስነሳት የሚባል ነገር የለም። ትንሿን ባትሪ ቻርጅ ማድረግ ወይም መቀየር ነው።

አሁን ወደ ቦታው። ትንሽ ቁልቁለት ካገኛችሁ ግማሹ ሥራ ተሠራ። ግን የሚያልቅበትን እዩ። ከሽሮ ሜዳ ወደ ስድስት ኪሎ እንደሚወርደው ዓይነት ረጅም ቁልቁለት ላይ፣ እግረኛና ታክሲ በሞላበት፣ ሞተሩ ያልተነሳ መኪና መልቀቅ አደጋ ነው። ሞተር ሳይነሳ ፍሬን ያለ እገዛ ነው የሚሠራው። አንዴ ሁለቴ ስትረግጡት ይይዛል፤ ከዚያ እንደ ድንጋይ ይደነድናል። በሙሉ ጉልበት መርገጥ ያስፈልጋል። ፓወር ስቲሪንግ ያለው መሪም እንዲሁ ይከብዳል። ስለዚህ የምትፈልጉት ቦታ ረጋ ያለ ቁልቁለት ወይም ሜዳ፣ ከፊቱ ቢያንስ ሃምሳ ሜትር ባዶ የሆነ፣ መጨረሻው መስቀለኛ መንገድ ያልሆነ ነው። ጎማ ሥር ድንጋይ አድርጋችሁ ከሆነ ከመግፋታችሁ በፊት አንሱትና ከመንገዱ አውጡት። መንገድ ላይ የሚቀር ድንጋይ ማታ ሞተር ሳይክል ይጥላል።

ዳገት ላይ ፊታችሁን ወደ ላይ አድርጋችሁ ከቆማችሁ ወደ ላይ ለማስገፋት አትልፉ። የኋላ ማርሽ አስገብቶ ወደ ኋላ እየለቀቁ ማስነሳት ይቻላል። ይሁን እንጂ የኋላ ማርሽ እንደ አንደኛ ስለሆነ በኃይል ይነቀንቃል፤ መሪውም ወደ ኋላ ሲሄድ ያደናግራል። ከኋላችሁ ማንም እንደሌለ የሚያይላችሁ ሰው ሳይኖር አትሞክሩት። እኔ ብችል መኪናውን አዙሬ ወደ ታች አስይዘዋለሁ።

ለምን ሁለተኛ ማርሽ? የአይሱዙው ልጅ ያለኝ «አንደኛ ያንቀዋል» ነው። በኋላ ሳስበው ልክ ነው። አንደኛ ላይ ጎማው አንድ ዙር ሲዞር ሞተሩ ወደ 14 ጊዜ መዞር አለበት። ሁለተኛ ላይ ወደ 8 ይወርዳል። እንደ መኪናው ይለያያል፣ ሐሳቡ ግን ይኸው ነው። በአንደኛ ሞተሩ ለጎማው በጣም ስለሚከብድበት ጎማው ይንሸራተታል፤ መኪናው ቀጥ ይላል። በተለይ ጠጠርና ጭቃ ላይ። ሦስተኛ ደግሞ ለስላሳ ነው፣ ግን ሰው ሮጦ የማይደርስበት ፍጥነት ይፈልጋል። ሦስተኛ የሚሆነው ቁልቁለት ላይ ነው። በሰው ግፊ ሜዳ ላይ ሁለተኛ ነው።

እንግዲህ ሹፌሩ የሚያደርገውን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ። መብራት፣ ሬዲዮ፣ ማሞቂያ ሁሉ ይጥፋ። ቁልፉ የዳሽቦርዱ መብራት እስከሚበራበት ድረስ ይዙር። ይህን የሚረሳ ሰው ብዙ ነው፤ ሰው ሁለት መቶ ሜትር ካስለፋ በኋላ «ለካ ቁልፍ አልከፈትኩም» ይላል። ቁልፉን ጨርሶ ነቅላችሁ እንዳትገፉ ደግሞ አደራ፤ መሪው ይቆለፋል። ብርድ ከሆነና ካርቡሬተር ከሆነ ቾኩን (ለቀዝቃዛ ሞተር ቤንዚኑን የሚያበዛውን) ሳቡ። የእጅ ፍሬን ልቀቁ። ፍሪሲዮን እስከ መጨረሻው ርገጡ፣ ሁለተኛ አስገቡ፣ እንደረገጣችሁ ቆዩ። አሁን ይገፋ።

ፍጥነቱ በሰዓት ከ10 እስከ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበቃል። የገፊዎቹን እግር ስሙት። እርምጃ ሲሆን አይበቃም። ሶምሶማ ሲሆን ተቃርቧል። ሲሮጡ ጊዜው ነው። ያኔ ፍሪሲዮኑን ፈጠን አድርጋችሁ ልቀቁ። ቀስ እያላችሁ ከለቀቃችሁት ፍጥነቱን ይበላዋል እንጂ ሞተሩን አያዞርም። ሞተሩ ሲይዝ ወዲያው መልሳችሁ ፍሪሲዮን ርገጡ፣ ነዳጅ መስጫውን ትንሽ ጫን አድርጉ። ይህችን ሁለተኛዋን መርገጥ የማያውቅ ሰው የተነሳ ሞተር መልሶ ያጠፋል። ከዚያ ዜሮ ማርሽ፣ ፍሬን፣ ቁሙ።

ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክራችሁ እምቢ ካለ ተዉት። ደጋግሞ መግፋት ሰው ከማድከሙም ሌላ ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ማርሚታ፣ ወደ ጭስ መውጫው፣ ይልካል። ጭሱን የሚያጣራ ካታሊቲክ ኮንቨርተር ያለው መኪና ላይ ይህ ኮንቨርተሩን ያበላሸዋል። ታይሚንግ ቤልቱ (ሞተሩ ውስጥ ያለው ቀበቶ) ያረጀ ከሆነም ድንገተኛውን ንቅናቄ አይወድም።

አሁን ከልቤ ወደምነግራችሁ ነገር መጣሁ፤ ከኋላ ያሉት ሰዎች።

በእኛ አገር መኪና የቆመበት ሰው ብቻውን አይቀርም። ሊስትሮው ሳጥኑን አስቀምጦ ይመጣል። የታክሲ ረዳቱ ይመጣል። ምንም የማያውቃችሁ ሰው ጃኬቱን አውልቆ ይገፋል፤ ተነስታችሁ ስትሄዱ እጁን አውለብልቦ መንገዱን ይቀጥላል። ይህን ደግነት ስለለመድነው አንነጋገርም። «በሉ፣ ግፉ» ብቻ ነው። መኪናው ሲይዝ ድንገት እንደሚገታ፣ ከዚያ ደግሞ ፈንጠር ብሎ እንደሚሄድ ማንም አይነግራቸውም። የሚያውቁ ያውቃሉ። የማያውቀው ነው የሚመታው።

ስለዚህ እኔ አሁን መሪ ከመያዜ በፊት ከመኪናው ወርጄ ወደ ኋላ እሄዳለሁ። ሰው ቸኩሎም ቢሆን። «እጃችሁን ዘርግታችሁ በመዳፋችሁ ግፉ፤ ደረታችሁንና ፊታችሁን አርቁ» እላለሁ። ጋቢ፣ ነጠላና ሻርፕ ያደረገ ካለ አውልቆ እንዲያስቀምጥ ወይም ጠበቅ አድርጎ እንዲያስር እለምነዋለሁ። የኋላ መስታወቱ ላይ፣ መብራቱ ላይና ታርጋው ላይ እጅ እንዳይደረግ አሳያለሁ። የሚይዘው ጠንካራው ብረት፣ የኮፈኑ ጠርዝና የመስታወቱ ዳርና ዳር ነው። ፕላስቲክ ፓራውልት ይሰበራል። አንድ ሰው «ልቀቅ» እንዲል እመርጣለሁ። ብዙ ጊዜ ከሁሉም ድምፁ ጎላ ያለውን። «ልቀቅ» ሲል ሁሉም እጁን አንስቶ ይቆማል፤ እኔ እጆቹ ሲነሱ በመስታወት አይቼ ነው ፍሪሲዮኑን የምለቀው። መኪናው ለአንድ ሰከንድ በራሱ እየሮጠ ይሄዳል፤ ያ ይበቃዋል። ፍጥነቱን አያጣም።

ልጆች ለመግፋት ይወዳሉ። በሰፈራችን መኪና ሊገፋ ነው ከተባለ ከየት እንደሚመጡ አይታወቅም። ከመንገዱ ዳር አቁሟቸው። ከጎማ አጠገብ፣ ከጎን በር በኩል እየሮጠ የሚገፋ ልጅ እግሩ ከሥር ሊገባ ይችላል። ለአዛውንትና ለነፍሰ ጡርም እንዲሁ፣ ደግነታቸውን በአክብሮት አመስግናችሁ አስቀምጧቸው። ያን ቀን «ይተዉት» ብያቸው ዝም ማለት አልነበረብኝም። ወርጄ እጃቸውን ይዤ ማስቀመጥ ነበረብኝ።

ተሳፋሪ ይውረድ። ክብደት ይቀንሳል፤ ፍሬኑ እምቢ ቢልም ውስጥ ያለው ሰው ይቀንሳል። እናንተም በሩን ዝጉ፣ ቀበቶ እሰሩ። አንድ እግር ውጭ አድርጎ በበሩ በኩል ብቻውን መግፋትና ዘልሎ መግባት ብዙ ሰው ያደርገዋል። ሜዳ ላይ ባዶ ቦታ የሚያደርገውን ሰው አልከለክልም፤ እኔ ግን ቁልቁለት ላይ አላደርገውም። እግር ቢያንሸራትት መኪናው ያለ ሹፌር ነው የሚሄደው።

በሌላ መኪና አታስገፉ። ፓራውልት ከፓራውልት አይገጥምም፤ አንዱ በሌላው ላይ ይወጣል። በገመድ እየተጎተቱ ማስነሳትም ይቅር። ሞተሩ ሲነሳ መኪናው ወደ ፊት ፈንጠር ሲል ገመዱ ይላላል፣ ከፊት ያለውን ትገጩታላችሁ። ሌላ መኪና ካለ የሚሻለው የባትሪ ገመድ ነው። ሁለቱም ባለ 12 ቮልት መሆናቸውን አረጋግጡ፤ ትልልቅ የጭነት መኪኖች 24 ቮልት ስለሆኑ ከእነሱ በቀጥታ አታገናኙ። ቀዩን ከሞተው ፖዘቲቭ ወደ ደህናው ፖዘቲቭ። ጥቁሩን ከደህናው ኔጋቲቭ ወደ ሞተው መኪና ሞተር ብረት፣ ከባትሪው ራቅ አድርጋችሁ። የመጨረሻው ሲነካ ብልጭታ ስለሚኖር ነው ከባትሪው የሚርቀው። እኔ ከዚያ ቀን በኋላ ገመዱን ገዝቼ ከመለዋወጫ ጎማው ጋር አስቀምጫለሁ። ገመድ እያለ ሰው አላስገፋም።

ሞተሩ ከተነሳ በኋላ አታጥፉት። ይህ ቀላል ይመስላል። እኔ ያን ጠዋት ደስ ብሎኝ ልጆቹን ላመሰግን ስወርድ በልማድ ቁልፉን ላዞር ነበር፤ የአይሱዙው ልጅ ነው «ኧረ ጋሼ!» ብሎ የጮኸብኝ። ቆሞ በትንሹ እየሠራ ያለ ሞተር ባትሪ ብዙም አይሞላም። መንዳት ነው። ግማሽ ሰዓት ከነዳችሁ ለአንድ ጊዜ ማስነሻ የሚሆን ኃይል ይመለስለታል፤ ጨርሶ የወደቀ ባትሪ ሙሉ የሚሆነው ግን በብዙ ሰዓት ነው። እኛ እስከ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ስለነበረብን ጠቀመን። አንድ ነገር ብቻ፦ መነሻችሁ ላይ የነዳጅ መለኪያውን እዩ። ማደያ ስትገቡ ሞተር ማጥፋት ግዴታ ነው። ሰልፍ መሃል ላይ ዳግም በግፊ መነሳት ለናንተም ለሰልፉም መከራ ነው።

ከዚያ ምክንያቱን ፈልጉ። የእኔ ግልጽ ነበር። ያች ትንሽ መብራት 10 ዋት ብትሆን በሰዓት አንድ አምፔር የማይሞላ ነው የምትበላው። አስራ ሁለት ሰዓት ስትበራ ግን ወደ 10 አምፔር ሰዓት ይሆናል። አዲስ ባትሪ ይችለው ነበር። የእኔ አራት ዓመት የሠራ ነበርና ከብርዱ ጋር አልቻለም። ብርድ የባትሪን ጉልበት ይቀንሳል፣ የሞተር ዘይትንም ያወፍራል፤ ጉልበት በቀነሰበት ሰዓት የሚጠየቀው ጉልበት ይጨምራል። ለዚህ ነው ሌሊቱ በሚበርድበት በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ጠዋት በየሰፈሩ መኪና ሲገፋ የሚታየው። የፊት መብራት ማስቀረት ከዚህ የከፋ ነው፤ ሁለቱ አምፖሎች ከአራት አምስት ሰዓት በላይ ባትሪውን አያቆዩትም።

ምንም መብራት ሳትረሱ የሚወድቅ ከሆነ በቮልት መለኪያ አስለኩ። ሞተር ጠፍቶ፣ መኪናው ሲያድር፣ 12.6 አካባቢ ካለ ባትሪው ሙሉ ነው። 12 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ሞተር ተነስቶ ከ13.8 እስከ 14.5 ካሳየ ዲናሞው ባትሪውን እየሞላ ነው። ሞተር ተነስቶም 12 ላይ ከቆመ ጥፋቱ ባትሪው ሳይሆን ዲናሞው ወይም እሱን የሚያዞረው ቀበቶ፣ ቺንጋው ነው፤ አዲስ ባትሪ ብትገዙም በሁለት ቀን ይሞታል። አንዳንድ መካኒክ ዲናሞ ለመፈተሽ ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ማሰሪያ ይነቅላል። እንዲያደርግባችሁ አትፍቀዱ። የዲናሞውን ዳዮድ ያቃጥላል፤ ኮምፒውተር ያለው መኪና ከሆነ ኪሳራው ከዚያ ይብሳል። መለኪያ የሌለው ሰው ጋር ባትሄዱ ይሻላል።

ማሰሪያው ላይ የሚበቅለውን ዱቄት ሙቅ ውኃ ውስጥ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጣችሁ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እጠቡት። መጀመሪያ ኔጋቲቩን ፍቱ፣ ስትመልሱ ኔጋቲቩን መጨረሻ እሰሩ። ከደረቀ በኋላ ስስ ቫዝሊን ቀቡት። እኔ በየሦስት ወሩ አደርገዋለሁ። አስር ደቂቃ አይፈጅም።

ለገና ዋዜማ ወደ ደብረ ብርሃን ተመልሰን ሄድን። እናቴ ቡናና ስኳር ይዛ ነበር፤ እኔ አዲስ ሱሪ ገዝቼላቸው ነበር። ሽማግሌው ጉልበታቸውን ገልጠው አሳዩኝ። ቁስሉ ደርቆ ጠባሳው ቀርቷል። አገጫቸው ሥር ያለው ጭረት ግን ጢማቸው ሸፍኖታል። ቡና ጠጥተን ስንወጣ የአክስቴን በር አልፈው መንገዱ ትንሽ ወደ ታች የሚያዘነብልበትን ቦታ በበትራቸው አሳዩኝ። «እዚህ ጋ ፊቷን ወደ ታች አድርገህ አቁማት» አሉኝ። አሁን ስንሄድ መኪናዋ የምታድረው እዚያ ነው። ማታ ከመተኛቴ በፊትም ወጥቼ አራቱንም በር አንድ በአንድ ገፋ ገፋ አድርጌ አያለሁ።